ሁላችንም ደህና ነን

ዳሩን አያለሁ ብሎ የተነሣ ሰው መንገድ ላይ የሚሸመግልበት አገር ነበረ። ስሙ ማይዳረስ ይባላል። ለምን እንዲህ ተባለ ሲሏቸው ሹሞቹ፣ ከስፋቱ የተነሣ ዳሩ ላይ የሚደርስ ሰው ስለሌለ ነው ይላሉ። ዳር ላይ ያሉት ደግሞ፣ መሀል የሚታደለው ነገር እነሱ ጋ ስለማይዳረስ ነው ይላሉ። ሁለቱም እውነት ነው፤ መዝገብ የገባው ግን የሹሞቹ ነው።

የማይዳረስ ሰው በስፋቱ ይኮራል። ጣሪያው የሚያፈስ ሰው ቤት በእንግድነት ብትገቡ፣ ስለ ጣሪያው አንድም ቃል ሳያነሣ አገሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስንት ወር እንደሚያስኬድ ሲነግራችሁ ያመሻል፤ እናንተም ጠብታው አናታችሁ ላይ እየወረደ «ወይ ስፋት» ትላላችሁ። ሕፃን ሲወለድ ትንሽ ነው ማለት ክልክል ነው፤ «ገና ያልሰፋ» ነው የሚባለው። የስፋት ሹም የሚባል ትልቅ ሹመት አለ። ሥራው በየዓመቱ ገመድ ይዞ ወጥቶ አገሩን መለካት ነው። ለክቶ ጨርሶ አያውቅም። ሳይጨርስ በተመለሰ ቁጥር ይሸለማል፣ አለመጨረሱ ራሱ ማስረጃ ነዋ።

እንዲህ ባለ አገር የሚያስቸግረው ሰላምታ ነው። በድሮ ጊዜ የማይዳረስ ሰዎችም እንደማንኛውም ሰው ሲገናኙ ይጠያየቁ ነበር፤ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ከብቱስ፣ የወንድምህ እግር ተሻለው ወይ ይባባሉ ነበር። አገሩ እየሰፋ ሲሄድ ወንድምም እየራቀ ሄደ። ሰው ስለ ዘመዱ ሲጠየቅ «እንጃ» ማለት አመጣ። «እንጃ» በየገበያው ሲበዛ ሹሞቹ ሰጉ፤ ይህን ያህል ሰፊ አገር ይዞ «እንጃ» ማለት ምን የሚሉት ነገር ነው አሉ። ተሰበሰቡና አዋጅ አወጡ። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው «ደህና?» ተብሎ ሲጠየቅ ስለ ራሱ አይመልስም፤ ስለ አገሩ ይመልሳል፤ መልሱም አንድ ነው፤ «ሁላችንም ደህና ነን።»

ጥርሱ የሚጠዘጥዘውም ይህንኑ ይላል። ከቀብር የሚመለሰውም ይህንኑ ይላል። አንዲት ሴት ምጥ ይዟት ሳለ አንዱ ሹም በደጅ ሲያልፍ «ደህና?» ቢል፣ ጥርሷን ነክሳ «ሁላችንም ደህና ነን» አለችው እየተባለ እስከ ዛሬ ለሙሽሮች ምሳሌ ሆና ትጠቀሳለች።

ለመላው አገር በአንድ ድምፅ የሚመልስ ሹምም ተሾመ። «አፈ ሁላችን» ይባላል። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት አደባባዩ ላይ ካለው ሰገነት ይወጣል፤ አዋጅ ነጋሪው ከታች «ደህና?» ይላል፤ እሱ ከላይ ይመልሳል፤ ሕዝቡ ወደየሥራው ይሄዳል። ሥራው ይኸው ነው። ከሹመት ሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ነው።

ይህ ታሪክ በሆነበት ዘመን አፈ ሁላችን ሴት ነበረች፤ ወይዘሮ ማንያህልሻል። የተወለደችው ጠርዝ በሚባለው የአገሩ መጨረሻ ወረዳ ነው፤ በሰባት ዓመቷ አክስቷ ወደ መሀል አምጥታ አሳደገቻት። ድምፅዋ ሙሉ ነው፤ «ሁላችንም» ስትል አደባባዩ ይሞላል። በዚህች ቃል ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች። አንድ ሰኞ እንኳ ቀርታ አታውቅም። ባሏ የሞተ ማግስትም ሰኞ ነበር፤ ወጥታ መልሳ ገባች፤ ያን ጊዜ ድምፅዋ የበለጠ አማረ ተባለ።

አሁን ከምነግራችሁ ነገር አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከጠርዝ አንድ ትልቅ ቅል መጥቶ ነበር፤ አፉ በጨርቅ የተወተፈ። ቅሉ በመንገድ ዘጠኝ ወር ቆይቷል። ይዞ የተነሣው መልእክተኛ መልእክቱን ለሁለተኛው ነግሮ ተመለሰ፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው፣ እንዲህ እያለ ዐሥራ አንደኛው ሰው መሀል ሲደርስ ከመልእክቱ የቀረችው «ከጠርዝ ነው» የምትለዋ ብቻ ነበረች። የመዝገብ ጸሐፊው ቅሉን ቢከፍተው ግርጌው ላይ ነጭ ጨው ጋግሮ አገኘ። «ጠርዝ የጨው ገጸ በረከት ልኳል፤ ተመስግኗል» ብሎ ጻፈ። የተወለደችበት አገር ጨው ነው ተብሎም ለማንያህልሻል ተሰጣት። ግሩም ጨው ነበር። ጥብሷ ላይ እየነሰነሰች ለእንግዶቿ፣ «የአገሬ ጨው ነው፤ እንዲህ ያለ ከሌላ አይገኝም» ትል ነበር።

ከጠርዝ ቀጥሎ፣ አንድ ኮረብታ ላይ ሌላ አገር አለ። እፍኝ ይባላል። የሕዝቡ ብዛት ሦስት መቶ ዐሥራ አንድ ነው፤ ይህን ቁጥር የማያውቅ እፍኜ የለም፤ ሦስት መቶ ዐሥር የሆነ ቀን አገር ሁሉ ያለቅሳል። እዚያ ትልቁ ሹመት የመላሽ ሳይሆን የጠያቂ ነው። በዚያ ዘመን ጠያቂዋ እትዬ ጌጤ የሚባሉ ዐይናቸው የደከመ ባልቴት ነበሩ። በየማለዳው ምንጩ አጠገብ ቆመው የአገሩን ሰው ሁሉ በስሙ ይጠራሉ። እያንዳንዱ «አቤት» ይላል። «አቤት» ያላለ ሰው ካለ ጥሪው ይቆምና ቤቱ ይኬዳል።

እፍኝ ገነት ነበረች ብዬ አላታልላችሁም። በእፍኝ ወጥ ቢያርርባችሁ ማታውኑ ሦስት መንደር ያማችኋል፣ ሦስት መንደር ደግሞ አገሩ በሙሉ ነው። ከባሏ የተኳረፈች ሴት ለብቻዋ መኳረፍ አትችልም፤ ሳይነጋ አስታራቂ ደጇ ላይ ይሰለፋል። ብታስነጥሱ «ይማራችሁ» የሚላችሁ ከድንበር ማዶ ነው። እኔ በበኩሌ አንድ ወር አልኖርባትም። ግን በእፍኝ ሞቶ ሳይታወቅ የዋለ ሰው የለም።

እና በየሰባት ዓመቱ ማይዳረስ ወደ እፍኝ የስፋት መልእክተኛ ይልካል፤ እስከ ዛሬ ምን ያህል እንደሰፋ ለመንገርና እፍኝን ለክቶ ለመሳቅ። በዚያ ዓመት የሄዱት የስፋት ሹሙ አዛዥ ገዝሙና ወይዘሮ ማንያህልሻል ነበሩ። ሁለት ወር በሠረገላ ተጓዙ። የሠረገላው መጋረጃ እንደ ደንቡ ተዘግቷል፤ ስፋት ሲያዩት ያደክማል ተብሎ ስለተደነገገ የማይዳረስ ሹም አገሩን አቋርጦ ሲሄድ አያየውም። ጠርዝንም እንዲሁ አልፈው ሄዱ። ማንያህልሻል የተወለደችበት ቀዬ ዕንቅልፍ ላይ ሆና አለፋት።

አዛዥ ገዝሙ እፍኝን ለክተው ለምሳ ደረሱ። የተረፈውን ገመድ የት እንደሚያደርጉት ጨንቋቸው ሲጠይቁ፣ አንዲት ሴት ተቀብላ እጥብ ልብስ አሰጣችበት። አዛዡ ተናደዱ፤ እፍኞች ሳቁ። እስከዚህ ድረስ እንደ ሌላው ጊዜ ሁሉ ነበረ።

ነገር ግን በዚያ ዓመት ምንጩ አጠገብ ዳስ ተጥሎ ነበር፤ ዳሱ ውስጥም አርባ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ከጠርዝ ተሰደው የመጡ ናቸው። እፍኝ ደግሞ ስለ እንግዳ አንድ ሕግ አላት። ምንጯ አንድ ብቻ ስለሆነች መጣሁ ያለውን ሁሉ ማኖር አትችልም። አገሩ ደህና የሆነ እንግዳ ተስተናግዶ፣ ስንቅ ተይዞለት ይሸኛል። አገሩ ደህና ያልሆነ እንግዳ ግን ስሙ በማለዳው ጥሪ ላይ ይጨመራል፤ ከዚያ በኋላ እንግዳ አይደለም። አገሩ ደህና መሆን አለመሆኑን የሚመሰክረው ደግሞ ስለ አገሩ መናገር የተፈቀደለት ሰው ነው። እትዬ ጌጤ የማንያህልሻልን ሹመት ሲሰሙ ደስ አላቸው። ነገ ጠዋት በጥሪው ላይ እጠይቅዎታለሁ አሏት።

ማንያህልሻል ከሰዓት በኋላ ወደ ዳሱ ሄደች። የሄደችው ለሌላ አይደለም፣ የልጅነቷን አነጋገር ለመስማት ብላ ነው። አንዲት አሮጊት ዳሱ በር ላይ ተቀምጣ ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ ትነካለች። ስሟን አልጠየቀቻትም፤ ስም መጠየቅ በማይዳረስ የጸሐፊ ሥራ ነው። ከየት ነሽ አለቻት። አሮጊቷ ቀና ብላ አየቻትና ስለ ራሷ መናገሩን ትታ ጠየቀቻት።

«ቅሉ ደርሷችኋል ወይ፣ እመቤቴ?»

«የምን ቅል?»

አሮጊቷ ነገረቻት። የጠርዝ ጉድጓዶች አንድ በአንድ ጨው ሆኑ። መጀመሪያ ከብቱ አልጠጣም አለ፣ ከዚያ ሕፃናቱ ያስመልሳቸው ጀመር። ወረቀት ቢጽፉ ወረቀት መሀል ላይ ሞልቷል ብለው ተማከሩ። ውሃውን ራሱን እንላክ፣ ቀምሰው ይወቁልን ተባለ። ከጉድጓዱ ቀድተው በቅል ላኩት። ከዚያ ሁለት ዓመት ሊሞላ ምንም እስኪቀረው መልሱን ጠበቁ።

ማንያህልሻል ጥብሷ ላይ የምትነሰንሰው ጨው ትዝ አላት።

«ቀመሱት?» አለች አሮጊቷ።

«ቀመሱት።»

«ታዲያ ምን አሉ?»

ማንያህልሻል ብዙ ልትል ትችል ነበር። ከአፏ የወጣው መዝገቡ ላይ ያለው ነው። «ተመስግናችኋል» አለች።

የአሮጊቷ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሏት ማንያህልሻል ጎንበስ አለች። አሮጊቷ ግን እየሳቀች ነበር። «እሰይ» አለች፣ «እኛም እኮ ምስጋና ቀርቶብን ነበር የከፋን።» ዳሱ ውስጥ ያሉትም ሰምተው ሳቁ፤ የደረቀ ከንፈር ሲስቅ እንደሚደማ ማንያህልሻል ያን ቀን አወቀች። ከዚያ አሮጊቷ ሳቋን ዋጥ አደረገችና ነገ የምትጠየቂው አንዲት ቃል ናት አለቻት። «አይደለንም ማለት ብቻ ነው፣ እመቤቴ። ከዚያ በላይ አናስቸግርም።»

አዛዥ ገዝሙ ይህን ሲሰሙ አልተቆጡም፤ አዘኑላት እንጂ። ሕጉን አታውቂም ማለት እንዳይሆንባቸው በትሕትና አስታወሷት፤ አፈ ሁላችን ከተደነገገው ቃል ሌላ ከወጣት፣ ያን ዕለት ከ«ሁላችን» ትወጣለች፤ ስሟ ከመዝገብ ይፋቃል፤ ቤቷ ሌላ ሰው ይገባበታል። «ደግሞስ» አሉ፣ «እነዚህ አርባ ሦስት ናቸው። እኛ ስንት ነን? እኔ የስፋት ሹሙ እንኳ አላውቅም፣ ወይዘሮ ማንያህልሻል። አርባ ሦስት ቢጎድል ገመዱ አያስታውቅም።»

እፍኞችም ቢሆኑ አንድ ልብ አልነበሩም። ምንጩ በበጋ ምን ያህል እንደሚቀጥን ሁሉም ያውቃል። አንዳንዱ እየቀዳ በሆዱ ሲያሰላ ዋለ፤ ማንም ግን አፍ አውጥቶ አልተናገረም።

በማግስቱ እትዬ ጌጤ ሦስት መቶ ዐሥራ አንዱን ስም ጠርተው ጨረሱ። አርባ ሦስቱ በአንድ ወገን ቆመዋል። ባልቴቷ የደከመ ዐይናቸውን ወደ ማንያህልሻል ድምፅ አቅጣጫ መለሱና «እመቤት፣ አገራችሁ ደህና ነው ወይ?» አሉ።

ኋላ ለራሷ፣ አፌ ቀደመኝ እያለች ተከራክራለች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የለመደ አፍ መቅደሙ አያስገርምም። ነገር ግን አፏ ወዲያው አልተከፈተም፤ አንዴ ቆሟል። ሲቆም አሮጊቷም አየች፣ እፍኞችም አዩ። ከቆመ በኋላ ነው የተከፈተው።

«ሁላችንም ደህና ነን» አለች። ድምፅዋ ኮረብታውን ሞላው።

ከእፍኞች መሀል አንድ ሰው «እፎይ» አለ። ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ እፍኝ ናትና፤ ግን ያን ቀን ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም። እትዬ ጌጤ ብቻ፣ «አገራችሁ ደህና ከሆነ እንግዲህ እንሸኛችኋለን» አሏቸው ስደተኞቹን። ለአርባ ሦስቱ የሦስት ቀን ውሃ በአቁማዳ ተሰጣቸው። አልለመኑም። ልብሳቸውን አራግፈው ተነሡ።

ሠረገላው የተነሣው በሁለተኛው ቀን ነው። እኩለ ቀን ላይ ማንያህልሻል መጋረጃውን ገለጠችው። አዛዡ ዐይናቸውን በእጃቸው ከለሉ። ጠርዝ እንደ ዱቄት ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል። ነጩ አፈር ላይ የሚሄዱ ሰዎች አየች፤ በሰልፍ፣ አንገታቸውን ደፍተው። ሠረገላውን አስቁማ ወረደች። መጨረሻ ላይ የምትሄደዋ አሮጊቷ ነበረች። ማንያህልሻል ሮጣ ደረሰችባት፤ ከዚያ በሕይወቷ ጠይቃ የማታውቀውን ጠየቀች።

«ስምዎ ማን ይባላል?»

አሮጊቷ እርምጃዋን አላቆመችም። ዞራም አላየቻትም።

«ሁላችንም ደህና ነን» አለቻት።

ማንያህልሻል ከፊት ያለውን ሰውዬ ጠየቀችው፤ ያንኑ መለሰላት። ከእሱ ፊት ያለችውም ያንኑ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሰገነት ላይ የወረወረችው ቃል እዚያ ሜዳ ላይ አንድ በአንድ ተመለሰላት። አንዲት ጉድጓድ አፍ ላይ ቁጭ ብላ ጣቷን ነከረችና ላሰች። ጣዕሙን ከጥብሷ ላይ ታውቀዋለች።

ወደ ሠረገላው አልተመለሰችም። አዛዥ ገዝሙ ከመስኮቱ ሆነው ይህ በመዝገብ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ጠየቋት፤ የመለሰችላቸውን አልሰሙም ወይም መስማት አልፈለጉም። በእግሯ ስትሄድ ውላ አድራ ማለዳ እፍኝ ደረሰች። ጥሪው ላይ ነበሩ። እትዬ ጌጤ የእግሯን ኮቴ ሰምተው ጥሪያቸውን አቆሙ።

«አይደለንም» አለች ማንያህልሻል። ድምፅዋ ያን ጊዜ አላማረም።

«እነማን ናችሁ ደህና ያልሆናችሁት?» አሉ ባልቴቷ።

«እኒያ ሰዎች። አርባ ሦስቱ።»

«አርባ ሦስት የሚባል ሰው አላውቅም» አሉ። «ስማቸውን ጥሪ። በእኛ አገር ስሙን ለማያውቁት ሰው አይመሰከርለትም።»

ማንያህልሻል የአንዱንም አታውቅም። አገር ሙሉ ሰው ፊት ቆማ፣ አንገቷን ደፍታ፣ አላውቅም አለች። እፍኞች ሁሉ ግን ያውቃሉ፤ ሦስት ቀን አብረው ውለዋል። እትዬ ጌጤ አልሰደቧትም። «በይ ተማሪ» አሏት። ስሞቹን አንድ በአንድ ነገሯት፤ እንደ ልጅ አስደገሟት። ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ ሦስተኛው ይጠፋባታል። ልብስ የምታሰጣዋ ሴት ከኋላዋ ሆና እያረመቻት፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ አርባ ሦስቱንም ሳታሳስት ጠራች። የመጀመሪያው ስም ትርንጎ የሚል ነበረ። አሮጊቷ ናት።

እፍኞች በዐሥራ አራት አህያ ውሃ ጫኑ። «እፎይ» ያለው ሰውዬ ሁለት አህያ አወጣ፤ ለምን ሁለት እንዳወጣ የጠየቀው የለም። ማንያህልሻል ከፊት እየሄደች በየሜዳው፣ በየጉድጓዱ አፍ፣ በየጎጆው በር ስም ጠራች። ሦስት ቀን ፈጀባት። አርባ ሦስት ስም ጠርታ «አቤት» ያላት ሠላሳ ዘጠኝ ነው።

የእፍኝ የማለዳ ጥሪ ዛሬ ከድሮው ይረዝማል፣ ምንጩም በበጋ ይቀጥናል፤ ተራ ጠብቆ በመቅዳት ላይ የሚነሣው ጭቅጭቅ እንዲህ በቀላሉ አይነገርም። ማንያህልሻል ከሁሉም መጨረሻ ነው የምትጠራው። ነገር ግን ከእሷ ስም በፊት አራት ስሞች አሉ፤ ይርጋ፣ ባንቺ፣ ጓንጉል፣ አንጓች። እነዚህ ሲጠሩ የምትመልሰው እሷ ናት። «የለም» ትላለች። «የለችም» ትላለች። እንደገና «የለም»፣ እንደገና «የለችም»። ከዚያ የራሷ ስም ይጠራል፣ «አቤት» ትላለች፤ ሰዉ እንስራውን ያነሣል። ትርንጎ አጠገቧ ውሃ ትቀዳለች። ስሟ ሲጠራ «አቤት» ከማለት በቀር ማንያህልሻል ባለችበት አንድም ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

ሰባት ዓመት ሲሞላ ከማይዳረስ አዲስ መልእክተኛ መጣ፤ ወጣት ነው፣ ድምፁ ሙሉ። ገመዱን ዘረጋ፣ ስፋቱን አወጀ፣ ተሳቀበት። ከዚያ እትዬ ጌጤ፣ ያን ጊዜ ጨርሶ ዐይናቸው ጠፍቶ ነበር፣ ማንያህልሻል የምትባል አንዲት ሹም ነበረቻችሁ፣ እንዴት ናት፣ ደህና ናት ወይ ብለው ጠየቁት።

ማንያህልሻል ከፊቱ ቆማ ነበር፤ እንስራ አዝላ፣ ከመልእክተኛው ሁለት ክንድ ርቀት ላይ። አላያትም። ደረቱን ነፋ።

«ሁላችንም ደህና ነን» አለ።

ምንጩ አጠገብ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ማንያህልሻል ዞረ። ማንያህልሻል መሬት መሬቱን ታያለች፣ ጆሮዋ እንደ ፍም ቀልቷል። ትርንጎ እንስራዋን ሞልታ፣ አፉን በቅጠል ከድና፣ ቀና አለች። በሰባት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ወደ እሷ መለሰች።

«ሰማሽ?» አለቻት፤ «ደህና ነሽ አሉ።»